በማናሴ ስም የተሰፋው ሙሉ ልብስ

የዚህ ታሪኬ ያለፈው ሳምንት ክፍል ከወጣ በኋላ አንዲት ሴትዮ ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝና፣ «እማማ በለጥሽ፣ ለመሆኑ ማን ጻፈልዎት?» አለችኝ። ማን ጻፈልዎት ብሎ ነገር። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋላቸው ማን ሰፋልሽ ያለኝ የለም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ደብቄውም አላውቅ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትንሽ ሆና ስታጠና፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና እያልኩ በትከሻዋ በኩል እያየሁ ነው። እሷ ስትሳሳት እኔ አውቅ ነበር። አንብቢልኝ ብዬ ግን ለምኛት አላውቅም። ዛሬ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። እንግሊዝኛ ብቻ የለኝም፤ እሱም ምን እንዳመጣብኝ ከዚህ በታች ታዩታላችሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔው ነኝ።

ያለፈው ክፍል ላልደረሳችሁ ልንገራችሁ። ሮሃ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቤሪያ በሚባል የስደተኛ ሰፈር ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል እኔ አሳደግኳት። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እዚህ አገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከመጨረሻው ፈተና በፊት አንድ ቀን እንደ ሙሽራ ለብሶ፣ በመኪና ተወስዶ ይጨፍራል፤ ማትሪክ ዳንስ ይሉታል። ብቻን መሄድ ነውር ነው፤ ክንድ ይዞ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ ወርዶ እልል ብሎ ይሸኛቸዋል።

«ማናሴ ነው የሚወስደኝ» አለችኝ ሮሃ።

ማናሴ ማለት የፊቤ ወንድም ነው። ፊቤ ደግሞ በመረብ ኳስ ውድድር ላይ ከሮሃ ጋር የተዋወቀች፣ ሌላ ትምህርት ቤት የምትማር፣ እኩያዋ የሆነች ልጅ ናት። አባታቸው አቶ ሀቢሶ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የመንደር ሱቅ አላቸው፣ በጸሎት ቤታቸውም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እነሱ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ እነሱ ባለ ሱቅ፣ እኛ ባለ መርፌ። ቢሆንም ማናሴ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሺ አልኩ። ሙሉ ልብሱን እኔ ልሰፋ ተስማማን። «ማናሴ ሱቅ ጥሎ መምጣት አይችልም፤ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ፊቤ ትለካለት» አሉኝ።

ለካኋት። ሮሃ ስፒል ልታቀብለኝ አጠገቤ ቆማ ስፒሉን እፍኟ ውስጥ ይዛ ረሳችው። ፊቤን ነው የምታየው። ፊቤ መስታወቱ ፊት ቆማለች፤ ግን ራሷን አታይም፣ በመስታወቱ ውስጥ ሮሃን ታያለች።

«ስፒል» አልኩ።

ሮሃ ሹሉን ወደ እኔ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ጣቴን ወጋኝ። አንዳቸውም አላዩም።

«ደረቱ ላይ ላላ ላድርገው? ማናሴ ዕቃ ሲሸከም የሚውል ልጅ ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው።»

«አይ፣ እንዲሁ ይሁን» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

እንዲሁ አደረግኩት። ከወገቡ አስገባሁ፣ ከዳሌው ለቀቅኩ፤ ለለበሰችው ልጅ ቆረጥኩላት። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው አልነበረም እንቅልፍ የነሳኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው የለካች ሴትዮ የወንድና የሴት ደረት አትለይም ብለው ማሰባቸው ነው። ከፊቴ ቆመው፣ በገዛ ሜትሬ፣ እንዳላየች ቆጠሩኝ።

* * *

ከዳንሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሮሃ ተጨማሪ ትምህርት ሄዳ ሳለ ፊቤ ልብሱን ይዛ መጣች። አባቷ ስልኳን ከወሰዱባት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ዓይኗ አብጧል።

«እጅጌው ትንሽ ረዝሟል፣ እማማ።»

«አልረዘመም።»

«ትንሽ ነው።» በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ሮሃ ስትመጣ ልብሱን ያሳይዋት፤ እንዳይረሱብኝ፣ እሺ?»

እጅጌውን ለካሁት፤ አልረዘመም። ልተኩሰው ገለበጥኩት፤ ካውያው በደረቱ በኩል እብጥ ያለ ነገር ላይ አረፈ። ገበሩ ላይ ሦስት ጎዶሎ ስፌት አየሁ፤ የኔ እጅ አይደለም። በምላጭ ፈታሁት። ሁለት ገጽ ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ። ከላይ ሮሃ የሚለውን ስም ብቻ ለየሁት፤ የልጅቷን ስም በላቲን ፊደል ደብተሯ ላይ አይቼ አውቀዋለሁ።

መልሼ ልሰፋው እችል ነበር። ሮሃ እስክትመጣ ጠብቄም፣ «ይኸው ተላከልሽ» ልላት እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። ሁለት ልጆች እቤቴ ውስጥ ምን እንደሚባባሉ እነሱ ከመንገራቸው በፊት ማወቅ ፈለግኩ። አንብቢልኝ ብዬ መጠየቅ ደግሞ በልጅ ልጄ ፊት ማነስ መሰለኝ። ባዶውን ገበር ዘግቼ፣ ደብዳቤውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ፣ ወደ ዱባለ።

ሕንጻችን ውስጥ ወረቀት የመጣበት ሁሉ ወደ ዱባለ ነው የሚሄደው። የጥገኝነት ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፎርም፣ ሁሉንም ያነባል፣ ይሞላል። የስንቱን ገመና ይዞ ዝም ያለ ሰው ነው ብለን እናምነዋለን። ከአቶ ሀቢሶ ጋር አንድ ጸሎት ቤት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አውቄም ሄድኩ።

«ማን ነው የጻፈው፣ እማማ?»

«አንብብልኝ እንጂ አትመርምረኝ።»

መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፣ ገለበጠ፣ ሁለተኛውን አነበበ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ምስጋና ነው» አለ። «ልብሱ አምሯል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን ነው የሚለው።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ?»

«የዛሬ ልጆች ሲጽፉ ያበዛሉ።»

ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። አየሁት። ስጠኝ ማለት ነበረብኝ። ግን መልሼ ብወስደው ለሮሃ ልሰጣት ነው፤ ብሰጣት ደግሞ ማን ፈታው ትለኛለች። ምስጋና መሆኑ ተመቸኝ። ወደ አምስተኛ ፎቅ ተመለስኩ።

ሮሃ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኮቱን አነሳች። እጇን ገበሩ ላይ ሄድ መለስ አደረገች፤ የማየት ሳይሆን የመፈለግ ነው።

«ፊቤ ምንም አላለችም?»

«እጅጌው ረዝሟል አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትበል?»

ኮቱን መልሳ ሰቀለችው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። እኔ የስፌት መኪናዬን ነዳሁ። ልጅቷ ካላለቀሰች ጭንቀት የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

* * *

ረቡዕ ዕለት የቀሚሷን ጫፍ ስሰፋላት፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ፣ እኔ መሬት ተቀምጬ፣ ከላይ ድምፅ መጣ።

«እምዬ፣ ልብሱ የማናሴ አይደለም።»

«የመጀመሪያውን ስፒል ስሰካ አውቄዋለሁ። ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ጫፉ ይጠምብኛል።»

ዝም ብላ አልቆመችም። ከወንበሩ ወረደችና ፊት ለፊቴ መሬት ተቀመጠች፣ ያን ሁሉ ጨርቅ ይዛ።

«አልተቆጣሽም?»

«እንዴት አልቆጣ። እኔን እንደ ደደብ አስቀምጣችሁ ስትለካኩ።»

«እሱን አይደለም ያልኩት።»

«ያልሽውን አውቃለሁ።» ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ጊዜ ፈለግኩበት። «ቤተ ክርስቲያን የምትለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። የሱን ክርክር ከፈጣሪ ጋር እኔ ይዤዋለሁ፤ አንቺን አላስገባሽም። ትወጃታለሽ?»

«እወዳታለሁ።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ፈቀደ። ርዕሰ መምህሯ ራሷ ናት የፊቤን ስም ከስሜ ጎን የጻፈችው። ሁለት ሴቶች መሆናችንን ታውቃለች።»

«ጥሩ ነው። በይ ተነሺ፣ ጨርቁን ጨማደድሽው።»

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ሁለት ሳምንት ድምጿን አልሰማሁም፣ እምዬ። ግን ዓርብ አሥር ሰዓት ትመጣለች። ቃሏን አታጥፍም። ሌላ ሰው ባያውቅልኝም ግድ የለኝም፤ አንቺ ካወቅሽልኝ ይበቃኛል።»

ደብዳቤው አፌ ድረስ መጣ። እምነቷ ትከሻዬ ላይ ሞቆ ተቀምጧል፤ እንዴት ላራግፈው? ዋጥኩት። ምስጋና ብቻ ነው፣ ምስጋና ባይደርሳት ምን ይሆናል አልኩ። እንደዚያን ቀን ተወድጄ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም አፍሬ አላውቅም።

ሐሙስ ልብሱን ሊወስድ ማናሴ ራሱ መጣ። ሊለካው ቀርቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

* * *

ዓርብ አሥር ሰዓት። አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ታንዲ ቀይ ምንጣፏን ከመግቢያው እስከ መንገዱ ዘርግታለች። ሴቶቹ ወርደዋል፣ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ጎጎ፣ ልጅሽን አውጪያት» ይሉኛል፤ ጎጎ ማለት በነሱ አያት ነው። ዱባለም ወርዷል፤ ጃኬት ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከኋላ ቆሟል።

ሮሃ በወይን ጠጅ ቀሚሷ ስትወጣ እልልታው ቀለጠ። እሷ ግን ዓይኗ መታጠፊያው ላይ ነበር።

የአቶ ሀቢሶ መኪና መጣ። ታጥቧል፣ ነጭ ሪባን ታስሮበታል። የሾፌሩ በር ተከፈተና መጀመሪያ የወጣው እጅጌው ነው፣ አልረዘመም ያልኩት እጅጌ። የሮሃ ፊት እንዴት እንደበራ የምጽፍበት ቃል የለኝም። ከእጅጌው ቀጥሎ ራስ ወጣ። የማናሴ ራስ።

ሰፈሩ አጨበጨበ። ምን ያውቃሉ? ለነሱም እኮ ማናሴ ነው ተብሎ ነው የተነገራቸው። ኮቱ ደረቱ ላይ አልገጠመም፣ ከዳሌው በኩል ደግሞ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። አበባ ይዟል። ወደ ሮሃ ቀርቦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ ነው የላከኝ። ሰው ማናሴ ነው ካለ ማናሴ ይሁን አለ» አላት።

ሮሃ አበባውን አልተቀበለችም። በአጠገቡ አለፈችና ወደ መኪናው የኋላ መስኮት ሄደች። ተከተልኳት። ፊቤ እዚያ ነበረች፤ የጸሎት ቤት ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ። መስታወቱ በግማሽ ወረደ።

«ውረጂ» አለች ሮሃ።

«አልወርድም። ማናሴ ሲያስገባሽ ቁጭ ብዬ እንዳይ ነው አባቴ የላከኝ።»

«ልብሱን ለምን ሰጠሽው?»

«ለምን አልሰጠውም? አንቺ ደብዳቤዬን ለአባቴ ሰጥተሽ የለ?»

«የቱን ደብዳቤ?»

ፊቤ ልትስቅ ሞከረች። «ገበሩ ውስጥ ሰፍቼ የላክሁልሽን ነዋ። አባቴ መጠርጠር ጀምሯል፤ ዓርብ ካንቺ ጋር ከገባሁ ወደ ቤት መመለስ አልችልም፤ ትቀበይኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። እሺ ካልሽ መልሱን እዚያው ስፊልኝ አልኩሽ። ማናሴ ልብሱን ሲያመጣ ገበሩን ተርትሬ አየሁት። ባዶ ነበር። ያኔ አባቴ ደብዳቤዬን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከነሱ ሕንጻ ነው የመጣልኝ አለ።»

«እኔ ምንም አልደረሰኝም።»

«አትዋሺኝ፣ ሮሃ። ሁሉን አጥቼ አንቺም አትዋሺኝ።»

ሮሃ ቅዳሜን አስታወሰች፤ ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁት። ኮቱን፣ ገበሩን፣ ሌላ ምን ትበል ያልኩትን። ቀስ ብላ ዞረች።

«እምዬ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፈታሁት። እንዲያነብልኝ ለዱባለ ሰጠሁት። ምስጋና ነው አለኝ፣ ተውኩለት።»

ብትጮህብኝ በወደድኩ። ረቡዕ ዕለት ትከሻዬ ላይ ያረፈውን ግንባር አየሁት፤ አሁን ከኔ ርቋል፣ አንድ ክንድ ብቻ ርቆ አገር የሚያህል መንገድ ሄዷል።

«ብትጠይቂኝ እኮ አነብልሽ ነበር» አለች።

ይኸው ነው ያለችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። «ምን ረስታ ነው?» አለችኝ ታንዲ። ምን ልበላት? የደረጃው በር ሲዘጋ ሰማሁ። አሁንም ይሰማኛል።

ዱባለ አጠገቤ መጣ። «ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ እማማ። እውነቱን ብነግርዎት ይታመሙ ነበር። ደግሞም የልጆቹ ነፍስ አለ።»

«የልጆቹን ነፍስ ለአባቷ ወስደህ ስትሰጥ እኔን በምስጋና ሸኘኸኝ።»

«ባያምኑኝ ኖሮ ለምን አመጡልኝ?»

«አምኜህ ነው። እሱን ነው የምጸጸተው። ፊደል የማያውቅ ሁሉ ጉዱን ይዞልህ ይመጣል፣ አንተ ደግሞ የሚጠቅመውን መርጠህ ታነብለታለህ። ከእንግዲህ በዚህ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሰላም እንዳትለኝ።»

አንገቱን ደፋ። ደስ አላለኝም። ስሙን ጠርቼ ሁሉን እሱ ላይ መጫን በቻልኩ፤ ግን እነዚያን ሦስት ስፌቶች የፈታው ምላጭ የኔ ነው። ዱባለ የሰጠሁትን ነው የሰጠው።

ማናሴ አበባውን እንደያዘ ቆሟል። «ምን ላድርግ፣ እማማ? ብብቴም ላይ ይዞኛል።»

«ላንተ አልተሰፋም። ኮቱን አውልቀህ መኪናው ወንበር ላይ አድርገው፤ አንተ ልጅ አላጠፋህም።»

የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና ከፊቤ ጎን ተቀመጥኩ። ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። የሻምፑዋ ሽታ ያ ቤቴ ውስጥ የሚቆየው ሽታ ነው፤ ልብሱን ለክታ በሄደች ቁጥር ሮሃ መስኮት አታስከፍተኝም ነበር።

«እዪኝ» አልኳት።

«አባቴ ማናሴ ብቻውን ከተመለሰ…»

«ስለ አባትሽ አልጠየቅኩሽም። ከፈለገ እኔ ጋ ይምጣ፤ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ እኔን ይስደበኝ። እዪኝ፣ ልጄ።»

አየችኝ። የተከዳ ሰው ዓይን ነው፤ በደረጃው የወጣችውም ይህንኑ ዓይን ይዛ ነው የሄደችው። ሁለቱንም የበደልኳቸው እኔ ነኝ።

«ያ ዝምታ የሷ አልነበረም» አልኳት። «የኔ ነው። ደብዳቤሽን አላየችም፣ የጠየቅሻትንም አልሰማች። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ እሱን በቅድሚያ የምለምነው ከሷ ነው፤ የምትሰጠኝም አይመስለኝ። አንቺ ግን መልስ ሳታገኚ እምቢ ተባልኩ ብለሽ እዚህ አትቀመጪም። ልብሱን ልበሺ አልልሽም፣ ዳንሱ ግቢ አልልሽም። ከአባትሽ ቤት ብትወጪ የኔ ክፍል ጠባብ ነው፣ ግን ማንም አያስወጣሽም። ሊፍቱ አይሠራም፤ በእግርሽ ትወጫለሽ። በሩን ካልከፈተችልሽ በሩ ላይ ሆነሽ ንገሪያት። እዚያ ወረቀት ላይ የጻፍሽውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረሽ፣ ሌላ ሰው በመካከል ሳይገባ፣ በገዛ አፍሽ ጠይቂያት። እምቢም ብትልሽ ከሷ አፍ ስሚው። ውረጂ አሁን።»